ድንኳኑ የት ይተከል?

ባለፈው ወር ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ያረፉት እናት የልጅነት ጎረቤቴ ናቸው። እናቴ ሥራ ስትውል ምሳዬን የሚያበሉኝ፣ ሳጠፋ የሚቆነጥጡኝ እሳቸው ነበሩ። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከዶሮ ማነቂያ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። ያረፉት ግን እዚያ አይደለም። ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ለቅሶው ድንኳን አልነበረውም።

ልጃቸው ሌሊቱን ሲማስን ነው ያደረው። መጀመሪያ ከሕንፃው ሥር ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ ድንኳን ለመትከል አሰበ። ጥበቃው "ማኅበሩን ጠይቅ" አለው። የነዋሪዎች ማኅበሩ ሰብሳቢ በዚያ ሰዓት ስልክ አላነሱም። ቢፈቅዱስ ድንኳኑ ከየት ይመጣል? የሚያከራይ ሰው አለ። ግን እናቱ ገና አልጋ ላይ እያለች ልጅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳን አከራይ ፍለጋ ስልክ ሲደውል እንዳደረ ስሰማ ሆዴ ተንቦጫቦጨ።

ሲነጋ ለቀስተኛው ደረጃው ላይ ተደረደረ። ሽማግሌዎች በግድግዳው እየተደገፉ አራት ፎቅ ወጡ። ሳሎኑ ቢበዛ አሥራ አምስት ሰው ይይዛል። ሌላው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ተራውን ጠበቀ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው "ግቡ፣ እዚህ ተቀመጡ" እያሉ የማያውቁትን ሰው ሁሉ አስገቡ። የሟችን ስም እንኳ አያውቁም ነበር። እግዜር ይስጣቸው። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲያቀርቡ ዋሉ።

ከድሮው ሰፈር የመጣነው ስንገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄያችን "አሁን የት ነህ?" ሆነ። አንዱ የካ አባዶ ነው። አንዷ አራብሳ። ሌላው ቱሉ ዲምቱ። ጀሞ የገባም አለ። ከአንድ ቧንቧ ውኃ የቀዳን ሰዎች በከተማዋ አራት ማዕዘን ተበትነናል። ሦስት ታክሲ ቀይረው የመጡ አሉ። ቀብሩ ያመለጣቸውም አሉ። አስከሬኑ ሲወጣ የተሸከሙት ከግማሽ በላይ የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ይህን የምለው ናፍቆት ይዞኝ ብቻ አይደለም። በሰፈራችን ሌሊት ሰው ካረፈ ጎህ ሳይቀድ ጡሩንባ ይነፋል። ጡሩንባ ነፊው እየዞረ የማን ቤት እንደሆነ ይናገራል። ፀሐይ ስትወጣ ድንኳኑ ቆሟል። አግዳሚው ተደርድሯል። ሴቶቹ ጎላውን ጥደው ንፍሮ እየቀቀሉ ነው። መቃብር የሚያስቆፍር ሰው ሄዷል። ሩቅ ላለ ዘመድ መርዶ የሚያረዳ ሰው ተመርጧል። እስከ ሳልስቱ ድረስ እዝን የሚያመጣው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ይታወቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከሟች ቤተሰብ አንድም ሰው ስልክ አላነሳም፣ ገንዘብ አልቆጠረም፣ ፈቃድ አልጠየቀም። የእነሱ ሥራ ማልቀስ ብቻ ነበር።

ይህን የሚያደርገው ዕድር ነው። ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁትም ስለ ዕድር ነው። ጉዳዩ ግን ከለቅሶ ቤት አልፎ ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል።

እኔ የከተማ ጉዳይ ዘጋቢ ነኝ። የምክር ቤት ስብሰባ እከታተላለሁ፤ ሪፖርት እሰማለሁ። ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠራ፣ ስንት ሔክታር መሬት ለማ፣ ስንት ቤት ተላለፈ የሚለውን በየጊዜው እንሰማለን፤ እንጽፋለንም። አንድ ሰፈር ሲነሳ ስንት ዕድር አብሮ እንደፈረሰ የሚናገር ሪፖርት ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የጠየቀ የምክር ቤት አባልም አላጋጠመኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅኩም ነበር። ያ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆሜ ነው ጥያቄው የመጣልኝ።

ስለ ልማቱ ያለኝን በቅንነት ልናገር። ኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በምሽት በእግሬ መሄድ እወዳለሁ። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው። መብራት አለ። በፊት ጭቃና ጉድጓድ እየዘለልን የምናልፍበት ቦታ ላይ አሁን አባት ልጁን ብስክሌት ያስተምራል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ያለ ረዳት ሲያልፍ አይቻለሁ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት መንገድ ዳር መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። በተለይ ለሴቶች፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ውጪ ለሚሠራ ሰው። ይህን የሚያጣጥል ሰው በዚህች ከተማ በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ነው።

የድሮው ቤታችንም ገነት አልነበረም። የጭቃ ቤት ነው። ክረምት ሲመጣ በየጣራው ሥር ባልዲ እንደረድራለን። ለስምንት ቤት አንድ ሽንት ቤት ነው የነበረን። ያረፉት እናት ሌሊት ሽንት ሲመጣባቸው በዝናብ ጃንጥላ ይዘው ግቢውን ያቋርጡ ነበር። አዲሱ ቤት ሲገቡ ከሁሉም በላይ ያስደሰታቸው መታጠቢያ ቤቱ ነው። ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን በሩን ከፍተው አሳዩኝ። "እየው፣ እዚሁ ውስጥ ነው፤ ቁልፍም አለው" አሉኝ። ከዚያ ቡናውን እያቀረቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ግን ልጄ፣ ሰው የለም" አሉ።

ሕንፃው ውስጥ ሰው ሞልቷል። እሳቸው የሚሉት ሌላ ነው። በር ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው የለም። ጨው ሲያልቅ ልጅ ልከው የሚያስመጡበት ቤት የለም። ቡና ሲፈላ የሚጠራ ሰው የለም። ድሮ እንጀራ እየጋገሩ ለሁለት ምግብ ቤት ያቀርቡ ነበር፤ ያም ቀረ። ለታክሲ የሚወጣው ከትርፉ በለጠ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ደንበኛ ከዜሮ አይጀምሩም።

ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ከነሠራዊታቸው፣ ከነቤተሰባቸው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ምልክቶች ናቸው። ጌታው ከፍታው ላይ፣ ሎሌው ከሥሩ፣ እጀ ብልሁ ከጎን ሆኖ ይኖር ነበር። በዚህ ምክንያት የከተማችን መሀል ሀብታምና ድሀ ሳይለያይ አንድ ላይ ያደገበት ሆነ። ከካዛንቺስ እስከ ፒያሳ ድረስ ከቪላው አጥር ጀርባ የጭቃ ቤት ማየት የተለመደ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ሰዉ ባለበት ቀረ። ሁለትና ሦስት ትውልድ በአንድ ግቢ ኖረ። ብዙው ሰው ቤቱን ለማደስ አቅም አልነበረውም፤ ቤቱም የእሱ አልነበረም። ግድግዳው እያረጀ፣ ጉርብትናው ግን እየጠነከረ ሄደ።

ዕድር ያደገው እዚህ መሬት ላይ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ ሰው ቀባሪ ዘመድ አልነበረውም። ስለዚህ ጎረቤቱን ቀባሪ አደረገ። በዚህ ረገድ ከጉራጌ ምድር ለሥራ የመጡ ሰዎች ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አጥኚዎች ይናገራሉ። የዕድር ትልቁ ነገሩ ሃይማኖት አለመለየቱ ነው። የእኛ ዕድር ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነበር። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ድንኳኑ ያው ነው፤ አግዳሚው ያው ነው። ደንቡ ተጽፏል። ያለ ምክንያት ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ሚኒስትርም ሆነ ሊስትሮ ወርሃዊ መዋጮው እኩል ነው። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በእጅ ማውጣት ይመረጣሉ፤ ሒሳብ ያጎደለ ይወርዳል። ስለ ምርጫ ብዙ እንጽፋለን። የሰፈሬ ሰው ሳይፈራ የመረጠበትና ሳይፈራ ያወረደበት ቦታ ዕድር ነው።

ሥራውም ቀብር ብቻ አልነበረም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በየቤቱ ገብቶ ወጣቱን ሲያረግፈው ብዙ የዕድር ካዝናዎች ባዶ ሆኑ። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀብር የነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ ከዕድሮቹ አንዳንዶቹ ደንባቸውን ቀየሩ። ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ሲታመምም እንርዳ አሉ። ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። አብሮኝ ከተማረ ልጅ መካከል ዩኒፎርሙን ዕድር የገዛለት አለ። ዛሬ የራሱ ቤተሰብ አለው። ለቅሶው ላይም መጥቶ ነበር፤ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

መንግሥትም ይህን ያውቃል። በየዘመኑ የነበረው አስተዳደር ሕዝብ ሲፈልግ ወደ ዕድር ይመጣል። ለጽዳት ዘመቻ፣ ለክትባት፣ ለመዋጮ፣ ለሰፈር ጥበቃ የሚጠራው የዕድር ሰብሳቢ ነው። ታዲያ ሲያስፈልግ የሚገኝ ተቋም ሰፈር ሲነሳ እንዴት የማይታይ ይሆናል?

ከእኛ ሰፈር የተነሳነው በ2016 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት ላይ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ በፒያሳ ዙሪያ ማፍረስ ተጀመረ። እኔ ራሴ ከዚያ በፊት ለቅቄ ነበር። እናቶቹና አባቶቹ ግን እዚያው ነበሩ። የነበራቸው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምትክ ቤት ማየት አለ፤ ዕጣ ማውጣት አለ፤ ዕቃ መጫን አለ፤ የልጅ ትምህርት ቤት መቀየር አለ። ማን ከማን ጋር ይሂድ የሚለውን የጠየቀ አልነበረም። አንዱ ዕጣ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ደቡብ ወሰደው።

በዚያ ግርግር መሀል የዕድሩ ዕቃ ነበር። ሁለት ድንኳን፣ አርባ ምናምን አግዳሚ፣ አራት ጎላ፣ ሁለት መቶ ብርጭቆ፣ በርሜል፣ ትሪ፣ አንድ የዛገ ካዝና። ሁሉም በአንዲት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። ዕቃው የተገዛው ለአርባ ዓመት በተዋጣ ሳንቲም ነው። መጋዘኗ ካርታ አልነበራትም። ስለዚህ ምትክም ካሳም አላገኘችም። የዕድሩ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ ሦስት ቢሮ ሄደዋል። የሚያናግራቸው ሰው ክፉ አልነበረም። ግን ዕድር የሚሞላበት ፎርም የለም። ግለሰብ ነው? ድርጅት ነው? የመንግሥት ቤት ተከራይ ነው? አንዱም አይደለም። እንዲሁ ተመለሱ።

ይህ ሲሆን ሕጉ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ዝም ያለ ቢሆን ኖሮ ባልተቆጨሁ። ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ከአካባቢው ርቆ ለሚነሳ ሰው ለማኅበራዊ ትስስሩ መቋረጥና ለሥነ ልቦናው ጉዳት ካሳ እንዳለው ይናገራል። ያኔ ሲወጣ ተነሺው ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከር፣ ለአስቸኳይ ሥራ ሲሆን ግን ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም ደንግጎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ቢሆንም የሕግ አውጪው ሰው ሲነሳ ከቤቱ ሌላ የሚያጣው ነገር እንዳለ አውቆ በወረቀት ላይ አስፍሮታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጎደለው ያንን ትስስር የያዘው ተቋም ማን እንደሆነ በስሙ መጥራት ነው። ለእኔ ትስስሩ ዕድር ይባላል። ገንዘብ ለእያንዳንዱ ሰው ቢከፈል ጥሩ ነው። የተከፋፈለ ገንዘብ ግን ድንኳን አይተክልም።

አብሮ ማንሳት ይቻላል። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ ሰው ሲነሳ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ በአንድ ላይ ሄደዋል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሥራቸው መሀል ከተማ የቀረባቸው ሰዎች ምሬት አላቸው። ይህን ማንም አይክድም። ቢሆንም ጎረቤት ጎረቤቱን ባለበት ቦታ ማግኘቱ ከእኛ ሰፈር ሰው ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሰው በአንድ ላይ ከሄደ ዕድሩ ከነደንቡ፣ ከነመዝገቡ፣ ከነቂሙ ሳይቀር ይከተለዋል።

ኮንዶሚኒየም ሲጀመር በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የታሰበ ጥሩ ነገር ነበር። በየሳይቱ የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ ይሠራ ነበር። በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ድግስና ለቅሶ የሚስተናገድበት። ንድፉን የሠራው ሰው የአዲስ አበባን ኑሮ ያውቅ ነበር። ዛሬ በየሳይቱ ስዞር ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዳንዱ ሱቅ ሆኗል፣ አንዳንዱ መጋዘን ሆኗል፣ ተቆልፎ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የማይታወቅም አለ። ማኅበራቱ ለጥበቃና ለጽዳት ገንዘብ ስለሚያስፈልጋቸው ያከራያሉ፤ ችግራቸው ይገባኛል። ግን ሰው በደረጃ ላይ ለቅሶ ተቀምጦ የለቅሶው ቤት ሲሚንቶ ሲቀመጥበት ትክክል አይመስለኝም።

እንግዲህ ይህን ለማን እንናገር? ለቅሶው ላይ ከድሮ ጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጠን የጠየቅነው ይህንኑ ነው። አንዱ "ለወረዳው" አለ። ወረዳው ከተቀየረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የአዲሱን ወረዳ ጽሕፈት ቤት መታወቂያ ሲያወጣ አንድ ቀን ብቻ ነው ያየው። እኔ "የምክር ቤት ተወካያችሁ ማነው?" አልኩ። ማንም አላወቀም። ሥራዬ ሆኖ እንጂ እኔም አላውቅም ነበር።

የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ከተማዋ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላት ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. ሰዉ ከጎህ ጀምሮ ተሰልፎ የመረጠበትን ቀን አስታውሳለሁ። ቅንጅት ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። ያ ምክር ቤት ግን በተመረጡት ሰዎች ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። የማንም ደጋፊ ሆኜ አይደለም ይህን የማነሳው። በእኔ እምነት በከተማው ሰውና በከተማው ምክር ቤት መካከል የነበረው ክር የላላው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዉ ፊቱን ወደ ሰፈሩ መለሰ። ጉዳዩን በዕድር፣ በዕቁብ፣ በማኅበር ጨረሰ። ምክር ቤቱን ስሙን ለቴሌቪዥን ተወለት። አሁን ደግሞ ሰፈሩም ከሥሩ ተነሳ። ታዲያ የት ይቁም?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ሰፈር ለልማት ሲለይ የመጀመሪያው ስብሰባ ከዕድሮቹ ጋር ይሁን። ለማሳመን ሳይሆን ለመመዝገብ። ስንት ዕድር አለ? ስንት አባል አለው? ማን ከማን ጋር መሄድ ይፈልጋል? ዕጣው ለአንድ ሰው ከሚወጣ ለዕድር ይውጣ። ሃምሳ ቤተሰብ አንድ ላይ ሆኖ አንድ ብሎክ ይድረሰው። የትኛው ፎቅ ለማን እንደሚሆን ራሳቸው ይጨርሱት፤ ከዚህ የከበደ ነገር ሲጨርሱ ኖረዋል። ደረጃ መውጣት የማይችል ሽማግሌ ካለ ምድር ቤቱን ይለቁለታል። ቤት ሲቆጠር የዕድር መጋዘንም ይቆጠር፤ ካርታ ባይኖራትም። በየአዲሱ መንደር ደግሞ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ በፕላን ላይ ይታይ። ለአበባ፣ ለመኪናና ለብስክሌት ቦታ ማግኘት ከቻልን ለዚህም አናጣም። ትልቅ ቦታ አይደለም። ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን የሚያቆም፣ ውኃ የሚቀዳበትና እሳት የሚነድበት ጥግ ያለው ከሆነ ይበቃል።

የምክር ቤት አባላትም በወር አንድ እሑድ የዕድር ስብሰባ ላይ ይገኙ። ንግግር ማድረግ አይጠበቅባቸውም። አግዳሚው ላይ ከሰዉ ጋር ተቀምጠው ጸሐፊው የቀሪዎችን ስም ሲጠራ ይስሙ። የማን ቤት ሰው እንደታመመ፣ የማን ልጅ ሥራ እንዳጣ፣ የትኛው መንገድ ላይ መብራት እንደጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳቸዋል። እኔ በብዙ ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራ ከዚያ የተሻለ የመረጃ ምንጭ አላገኘሁም።

"ዘመኑ ተቀይሯል፤ ወጣቱ ዕድር አይፈልግም" የሚል ሰው አለ። ሰምቼዋለሁ። በከፊል እውነት ነው። በቴሌግራም መርዶ ይነገራል፤ ለቅሶ በቴሌብር ይደረሳል። ወጣቶቹ ግን ተሳትፎ ጠልተው አይደለም። በብዙ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጋሪ የሚገፉ ወጣት እናቶች የራሳቸውን የሴቶች ዕድር አቋቁመዋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በራቸውን የከፈቱልን እናትም የዚያ ሕንፃ ዕድር ገንዘብ ያዥ መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። ዕድሩ ከተጀመረ አምስት ወሩ ነው። ድንኳን መግዣ ገና አልሞላላቸውም።

ከቀብር ስንመለስ የድሮው ዕድራችን ጸሐፊ አጠገቤ ተቀመጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ "ጋሼ" ነው የምላቸው። ኮታቸው ኪስ ውስጥ አንድ ወፍራም ደብተር ነበር። የአባላቱ መዝገብ ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን በቀይ እስክሪብቶ አዲስ አድራሻ ጽፈዋል። አራብሳ፣ ብሎክ ይህን ያህል። የካ አባዶ፣ ብሎክ ይህን ያህል። ከአንዳንዱ ስም ጎን መስቀል አለ። በዚያ ጠዋት አንድ መስቀል ጨመሩ። ቀኑንም ጻፉ።

"ጋሼ፣ ድንኳኖቹስ የት ደረሱ?" አልኳቸው።

"አንዱን ለመስጊዱ ሰጠነው። አንዱ እኔ ጋ ነው።"

"እርስዎ ጋ የት?"

"በረንዳዬ ላይ። ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳው በእሱ ሞልቷል፤ ባለቤቴ ልብስ የምታሰጣበት አጥታ ትቆጣኛለች።" ደብተሩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "ትናንት ሌሊት ልጁ ቢደውልልኝ ኖሮ ይዤው እመጣ ነበር። ስልኬን አያውቀውም። ድሮ ማን ስልክ ይዞ ያውቃል? ጡሩንባ ነበር እኮ።"

ስልካቸውን ተቀበልኳቸው። ለልጁም ሰጠሁት። ከዚያ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርደን ከገንዘብ ያዧ ጋር አስተዋወቅኳቸው። ጋሼ ገና ሳይቀመጡ "ድንኳን አላችሁ?" አሏት። የለንም አለች። "እኔ አለኝ። ግን የሚያወርደው ጉልበት ያለው ልጅ ላኪ። በየሁለት ሳምንቱ ካልተናፈሰ ይሻግታል።" እሷ ስልኳን አውጥታ አድራሻቸውን መጻፍ ጀመረች።